ሉሉ የተባለው ትንሽ ውሻና የራያ መንገድ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጎብዬን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ በራያ ቆላ ውሻ ያለ ሥራ አይኖርም። ሌሊት በበረቱ አጠገብ ተኝቶ ጅብን ይከላከላል፤ እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል፤ ከማዕድ የተረፈውን ይበላል፤ ዳሩ ግን ከደጃፉ አልፎ ወደ መኝታ ቤት አይገባም። ይህን ልማድ ጭካኔ ነው የሚሉ ሰዎች ምክንያቱን አልመረመሩም። በ1876 ዓ.ም. ገደማ የውሻ እብደት በሽታ በወሎ፥ በደቡብ ትግራይ፥ በበጌምድርና በጎጃም እንደ ተዛመተ፥ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ እንደ በረታ ተጽፎ ይገኛል። ንክሻው ሞት በሆነበት ዘመን ውሻን ከሕፃናት መኝታ ማራቅ ጥንቃቄ እንጂ ጥላቻ አልነበረም። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሁሉ ጦብያን ተከትሎ መንገድ የሄደውን ውሻ ያውቀዋልና።

ይህ ሥርዓት ተገልብጦ የታየው በአዲስ አበባ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር በታነጸው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፥ ከንጉሠ ነገሥቱ ውሾች መካከል ሉሉ የሚባል እጅግ ትንሽ ውሻ ነበረ። ዘሩ ቺዋዋ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ አንድ ክፍለ ሀገር ሲሆን፥ ያደገው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ አይበልጥም።

እንዲህ ያለውን ፍጥረት በደጅ ማሳደር መግደል ነው። ሰውነቱ ትንሽ ስለ ሆነ ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል፤ ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ሌሊቱን ልብስ ይሻል። ቡችላው ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ የደሙ ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል፥ ይዝላልም፤ ምግቡም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል። ብዙዎቹ እንደ ሕፃን በአናታቸው ላይ ያልገጠመ ስስ ስፍራ አላቸው፤ ከአልጋ መውደቅ እግራቸውን ሊሰብር ይችላል። በጠባብ አፋቸው ጥርሱ ተጨናንቆ ስለሚበቅል ማጽዳት ያስፈልጋል። ለአገራችን ሰው ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው የወጡ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ። ትልቁ የበረት ውሻ ወጥ የነካው እንጀራ ጥቂት ቢቀምስ ይችለው ይሆናል፤ ለሦስት ኪሎ ውሻ ግን ያው ጉርሻ ብዙ ነው። እንግዲህ ትርፍራፊ አይበቃውም፤ ለብቻው ሊዘጋጅለት ይገባል። ቤት ጠባቂ የነበረው ውሻ እዚህ ራሱ ጠባቂ የሚሻ ሆነ ማለት ነው።

የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና እንደ ነበረና ጫማውን በጨርቅ መጥረግ ብቻ ሥራው የሆነ አሽከር እንደ ነበረ ተርኳል። ተራኪው ስሙ አልተገለጸም፤ የውሻው ዘርም የጃፓን ነው ተብሎ ተጽፏል። የታሪክ ሊቃውንት መጽሐፉን ሲነቅፉ ኖረዋል፤ የውሻውን ዘር ያልለየ ምስክር በጫማው ነገር ብቻ ይታመን ማለትም ያስቸግራል። ሆኖም ወሬው ዓለምን ዞረ።

ከዚህ ወሬ ይልቅ የከበደው በራያ መንገድ ላይ የሆነው ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናም ጠፍቶ ረኃብ በጸና ጊዜ፥ የቆላው ሕዝብ ከብቱን ጨርሶ በቆቦ፥ በአላማጣና በኮረም ወደ መንገዱ ዳር ወጣ። ድርቁ ብቻውን አልገደለም፤ የጭሰኛው ዕዳና የሹማምንቱ መሸሸግም ተጨመሩበት። የሞተው ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ እስከ 200 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ነገር ግን ሌላ ምስል ቀጥሎበት ነበር። ከተራበው ሕፃን ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ፥ ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲያበሉ ይታያል። ሁለቱም ምስል እውነት ነው፤ ያጋጠማቸው ግን መቀስ ነው። የውሻ ሥጋ ቢቀር ወሎ አይጠግብም ነበር፤ ክሱ በዚህ በኩል ፍርደ ገምድል ነው። ይሁን እንጂ የተመለከተው ሰው ክርክር አላስፈለገውም፤ ሰው ሳይበላ ውሻ በሳሕን ሲበላ አይቷልና። ውሻ ከማዕድ በኋላ የሚበላ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

በማግሥቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት ዐዋጅ በዚያው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተነበበላቸው፤ በትንሽ ቮልስዋገን መኪናም ወሰዷቸው። የሉሉ መቃብር በዚያ ግቢ ውስጥ ነው።