ዝግ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች፣ ከቆሬም ሜዳ እስከ ሀብሩ ማሳ

በጥቅምት 2013 የአንበጣው መንጋ ሀብሩ ላይ ሲያርፍ ማሽላችን ሊታጨድ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከመርሳ በታች ያለን አባላት ልጆቻችንን አስከትለን፣ ጄሪካን እየደበደብን፣ ጅራፍ እያጮኽን ከማሳ ማሳ ስንሮጥ ሰነበትን። አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይሞቅ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መጣች። ከዛፉ ጫፍ ብዙም ከፍ ሳትል፣ የቆመች እስኪመስለን ዝግ ብላ፣ መድኃኒቱን እየረጨች ሄዳ ትመለሳለች። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናታችን ቀና ብለው አይተው፣ «ኧረ ይቺስ ልትወድቅ ነው፤ ምነው ፈጠን ብትል?» አሉ። እኛም በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቅን።

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ይህንን የተረዳነው ዘግይተን፣ የማኅበራችን ወፍጮ ሞተር ሲሰበርብን ነው። ስለ ሞተሩ ምክር የጠየቅናቸው የአንዲት አባላችን አጎት በደብረ ዘይት አየር ኃይል ብዙ ዘመን በሞተር ጥገና ያገለገሉ ሰው ናቸው። ወፍጮውን አይተው ከጨረሱ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን የእናታችንን ጥያቄ አነሣንላቸው። እሳቸው ከነገሩንና በኋላ ካነበብነው ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው። ፖቴዝ 25 የምትባል ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ስትሆን፣ ከጅቡቲ ያመጣት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ ከወልድያ በስተምዕራብ ባለው ደጋ በአንቺም ጦርነት ላይ አውሮፕላኖች በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ወረቀት በተኑ፣ ቦምብም ጣሉ። ስለዚህ በእኛ በኩል ያለው ሕዝብ አውሮፕላንን ያወቃት በመልካም አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ድምፁ ሲሰማ ልጅ አዝለው ወደ ዋሻ ይሮጡ እንደነበር ከአያቶቻችን የሰማን ብዙዎች ነን።

በዚያው የጦርነት ዓመት ግን ሌላ ዓይነት አውሮፕላንም መጣች። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባለ ስዊድናዊ ወጣት አብራሪ ለቀይ መስቀል ቁስለኛና መድኃኒት ሊያመላልስ ወደ አገራችን ገባ። ካበረራቸው አንዷ ባለ አንድ ሞተር ፎከር ነበረች። በመጋቢት 1928 ማርሴል ዡኖ የተባለውን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ሐኪም ይዞ ንጉሠ ነገሥቱ ከጦራቸው ጋር ወዳሉበት ወደ ቆሬም ሄዶ ሜዳው ላይ አረፈ። መጋቢት 8 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች የቀይ መስቀል ምልክት ያላትን ያችን አውሮፕላን መሬት ላይ እንደቆመች አወደሟት። ሁለቱ ሰዎች ተረፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይጨው ጦርነት ሆነ።

አጎታችን ቡናቸውን አስቀምጠው ያቆሙን እዚህ ላይ ነበር። «እሱ የተቃጠለችበትን ታያላችሁ፤ እኔ የማየው ያረፈበትን ነው» አሉን። ቆሬም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ነው። አየሩ ሳስቷል። አውሮፕላንን የሚይዛት በክንፏ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መፍጠን አለባት። የፍጥነት ጠቋሚው 100 እያለ በእውነት የምትሄደው ወደ 113 ይሆናል። በዚያ ላይ አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሜዳው አጭር ነው፤ ድንጋይና ከብት አለበት። እንግዲህ አብራሪው ማድረግ ያለበት በተቻለ መጠን ዝግ ብሎ መምጣት ነው።

ዝግ ማለት ደግሞ ወሰን አለው። አፍንጫዋ ቀና፣ ከክንፏ ኋላ ያለው ፍላፕ የሚባለው ቅጠል ወደ ታች ይልና ፍጥነቷ ይቀንሳል። ቀና ማለቷ ሲበዛ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና መሸከሙን ይተዋል፤ አውሮፕላኗም ትወድቃለች። ስለዚህ አብራሪዎች ለማረፍ ሲጠጉ ከዚያ ከመውደቂያው ፍጥነት በሦስት እጅ ከአሥር ያህል ከፍ ብለው ይመጣሉ። መውደቂያው 80 ከሆነ 104 መሆኑ ነው። በጣም አጭር ሜዳ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላሉ፤ ያን ጊዜ የቀረውን የሚሸከመው ሞተሩ ነው። ከፍ ብላ የምትበር አውሮፕላን ሞተሯ ቢጠፋ ከፍታዋን እያጠፋች ሜዳ ትፈልጋለች። ከዛፍ በላይ ዝግ ብላ ያለችው ግን የምታጠፋው ከፍታም ፍጥነትም የላትም። ፈጠን ብትል ደግሞ አጭሩን ሜዳ ታልፈዋለች፤ መድኃኒት የምትረጭም ከሆነ መንጋው ላይ የሚደርሰው መጠን ያንሳል። የእናታችን ፍርሃት ልክ ነበር።

የሞተሩን አያያዝ ሲነግሩን አጎታችን እንደ ልጅ አስተዳደግ ነበር የሚያወሩት። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሥራ ላይ እያለ እጅግ ይግላል። አብራሪው ከፍ ካለበት ሲወርድ ጉልበቱን በአንዴ ቢዘጋው ቀዝቃዛው ነፋስ የጋለውን ብረት ይመታዋል፤ ሲሊንደሩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ፣ በየደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ይወርዳሉ። ያ ጠዋት ከመውረዷ በፊት ድምፅዋ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ሰምተን የተገረምነው ይህን ሊሆን ይችላል። ካረፈችም በኋላ ወዲያው አይጠፋም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ይሠራና ነው። ጠዋት ደግሞ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር ትንሽ ተቀድቶ ውኃ እንዳለበት ይታያል። ሲሊንደሮቹ እንደ ጋሪ ጎማ ቃንጫ ዙሪያውን በተሰደሩበት ሞተር ሌሊቱን ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ስለሚወርድ፣ ከማስነሣት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል።

ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የአየር ኃይላችንን መልሶ ማቋቋም መርቷል። ልጆቻችን ሳፊር በምትባል አነስተኛ የስዊድን አውሮፕላን መብረር ተማሩ፤ ከጎናቸውም የጥገና ሙያተኞች ሠለጠኑ፤ አጎታችንም የዚያ ሙያ ልጅ ናቸው። በ1966 በረሃቡ ጊዜ ሰውዬው እንደገና መጣ። አሁን ይዞ የመጣው ሳፋሪ የምትባለውን 200 የፈረስ ጉልበት ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ሲሆን፣ መኪና ወደማይደርስባቸው ቦታዎች ምግብ በጥቅል አድርጎ ዝቅ ብሎ ይጥል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። ዕድሜው 67 ነበር። ስለ እሱ ብዙ የሚባል አለ፤ ለእኛ ግን የሚገርመን አርባ ዓመት ሙሉ በእንዲህ ያለ በረራ በሕይወት መቆየቱ ነው።

ወደ አንበጣው እንመለስ። በ1950 የመጣው መንጋ ከአገራችን 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት የሚያበላ ማለት ነው። አራት ዓመት ቆይቶ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በስምምነት አቋቋሙ። ድርጅቱ ለረጅም ዘመን የሠራባት አውሮፕላን ቢቨር ትባላለች፤ ካናዳ የተሠራች፣ 450 የፈረስ ጉልበት ባለው ክብ ሞተር አጭር ሜዳ ላይ የምትነሣና የምታርፍ። የዘይት መጨመሪያዋ አፍ ከአብራሪው አጠገብ፣ ውስጥ ነው፤ በአየር ላይ እያሉ ዘይት መጨመር ይቻላል። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዷ፣ «ወጥ እያማሰሉ ቅቤ እንደ መጨመር ነዋ!» ብላ አሳቀችን።

እኛም አገር ተሠርቷል። ከ1979 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሰብል መድኃኒት የምትረጭ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ «እሸት» ብሎ ሰየማት። አሥር ያህል ወጡ። ስሟን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ብናውቅ እናመሰግነው ነበር።

አንበጣ ራሱም የሞተር ጠላት ነው። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋው ሞተሩንና መስተዋቱን መትቶት ወደ አዲስ አበባ ዞሮ አርፏል። ትንሿ ግን ያንኑ መንጋ ፈልጋ ነው የምትሄደው። የምትመጣውም ጠዋት ነው፤ አንበጣው ፀሐይ እስኪያሞቀው ከዛፍና ከማሳ ላይ አይነሣም። ንብ ያላቸው እህቶቻችን በዚያ ወር ቀፎ ሲዘጉና ሲያሸሹ የደረሰባቸውን ጭንቀትም አንረሳም፤ መድኃኒቱ ንብና አንበጣ አይለይም።

ሴቶችስ? ሙሉመቤት እምሩ ጣሊያን ከመውረሩ በፊት ገና በልጅነቷ በረራ ጀምራ ነበር፤ ጦርነቱ አቋረጣት። ከዚያ በ2003 አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ የጀመረችውም ባለ ፕሮፔለር በሆነው የአገር ውስጥ አውሮፕላን ነው። በመካከሉ ሰባ አምስት ዓመት ያህል አለፈ።

አሁን ወደ ወፍጯችን። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዓምና በጾም መያዣ ሰሞን ወረፋው በርትቶ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያርፍ ሠራ። የማቀዝቀዣው በርሜል ውኃ አልቆ ሞተሩ ሲጨስ ወፍጮ የምትይዘው እህታችን ደንግጣ ቀዝቃዛ ውኃ ገለበጠችበት። ቴስታታው ተሰነጠቀ። ለጥገናው ከቁጠባችን ያወጣነው ገንዘብ ለሦስት አባላት ሊሰጥ የነበረው ብድር ነው። በስብሰባው «ከድርሻዋ ይቆረጥ» ያልን ነበርን፤ ይህን የምንጽፈውም ካልነው መካከል ያለን ነን።

አጎታችን የተሰነጠቀውን ብረት በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ማን አስተማራት?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። አየር ኃይል ውስጥ አንድ ሰው ሞተር ለብቻው ከመንካቱ በፊት ስንት ወር እንደሚማር ነገሩን። እኛ ለእህታችን የሰጠናት ቁልፉን ብቻ ነበር።

በጥር ስብሰባ ከድርሻዋ እንዳይቆረጥ ተስማማን፤ ሁለት አባላት ተቃውመው ተመዝግቧል። አሁን ጠዋት ጠዋት የበርሜሉ ውኃ፣ ዘይቱና የአየር ፊልትሮው ይታያል። ማታ ደግሞ የመጨረሻው እህል ካለቀ በኋላ ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሠራና ይጠፋል። ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት፤ ቸኩላ «በቃ አጥፊው» የምትላትን ሁሉ ደጅ ታስወጣለች።