ለበዓል የት እንግባ?

የበዓል ቀን ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ ዘመድ ጥየቃው ሲያበቃ፣ የአዲስ አበባ ወጣት አዲስ ልብሱን እንደለበሰ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ይደርሳል። ኪሱ ውስጥ ከታላላቆቹ የተቀበላት የበዓል ገንዘብ አለች። በየመንደሩ አፍ የሚደመጠውም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «የት እንግባ?» አንባቢ ልብ ይበሉ፤ «ምን እንይ?» አይደለም፤ «የት እንግባ?» ነው። የከተማችን የሲኒማ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ልዩነት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስልኩንና አውቶሞቢሉን እንደተቀበሉ ሁሉ ይህንንም በጉጉት ተቀበሉት። ሕዝቡ ግን በቀላሉ አልተዋጠለትም። በጨለማ ቤት ተቀምጦ፣ በቦታው የሌለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድና ሲስቅ ማየት ከሰይጣን ሥራ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም የወጣለትም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ምርጫው ከአንድ ፊልምና ከሌላው መካከል አልነበረም፤ ከመግባትና ካለመግባት መካከል ነበር። የገባም ሰው ስሙን አሳልፎ ሰጥቶ ነው የገባው።

ቀጥሎ የመጣው ጣሊያን ነው። የፋሽስቱ አስተዳደር ሲኒማን እንደ መንገድና እንደ ካምፕ የቅኝ ግዛት መሣሪያ አድርጎ ያየው ስለነበር አዳራሾችን ማሠራት ጀመረ። ሆኖም በዚያው ዘመን የወጡት የዘር ሕጎች ነጩንና ጥቁሩን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይዝናኑ የሚለዩ ነበሩ። ስለዚህ «የት እንግባ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን መልሱ ከተመልካቹ እጅ ወጥቶ በቆዳው ቀለም ላይ ተጻፈ። ለመሆኑ ከሲኒማ ቤት በር ላይ መመለስ ተራ ነገር ነውን? በገዛ አገር፣ በገዛ ከተማ፣ በበዓል ቀን ሲሆን ተራ ነገር አይደለም።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጣሊያን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ ጀምሮት የነበረው ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ ወደ ታች አምባሳደር፣ በመርካቶ በኩል ሲኒማ ራስና ሲኒማ አዲስ ከተማ የየራሳቸውን ደንበኛ አፈሩ። የዘር አጥር ፈረሰ፤ የኪስ አጥር ግን ቀረ። የመርካቶ ልጅ ፒያሳ ለመግባት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያየው የፊልሙን ሥዕል ሳይሆን የገዛ ጫማውን ነበር።

የቋንቋውም ነገር አለ። የአሜሪካና የአውሮፓ ፊልም እንግሊዝኛ ወይም ሌላ የውጭ ቋንቋ ለማይሰማ ሰው ግማሹ ድርጊት፣ ግማሹ ግምት ነው። የሕንድ ፊልም ግን ሌላ ነበር። እናት፣ ወንድማማች፣ የአራጣ ዕዳ፣ የተከለከለ ፍቅር፣ በመጨረሻም እርቅ፤ ይህ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። ዘፈኑ ቃሉ ባይታወቅም ይዜማል፤ ርዝመቱም ወደ 3 ሰዓት ስለሚጠጋ ለበዓል ብር የሚመጥን ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ለበዓል የሕንድ ፊልም ሲመርጥ አላዋቂነቱ አልነበረም፤ ሕይወቱን የሚመስለውን መምረጡ ነበር። የራሱን ቋንቋ ከሸራው ላይ ለመስማት እስከ 1957 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የታየው ያን ጊዜ ነው። «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ሲከተል አገሪቱ ወደ ሌላ ትርዒት ገብታ ነበር።

አብዮቱ አዳራሾቹን በመንግሥት እጅ አስገባ። የሶቪየት ፊልም በዛ፤ የሰዓት እላፊው ዘመንም የማታውን ትርዒት አስጨነቀው። በዓሉም ቢሆን ተለወጠ፤ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነና ሁለት ቀን ተከታትሎ ተዘጋ። ይህ ጸሐፊ ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ሦስት ልጆች ሆነን፣ የሁለት ሰው መግቢያ ይዘን፣ በተለጠፉት ሥዕሎች ፊት ቆመን ተከራከርን። አንዱ ጦርነት፣ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ሳቅ ፈለገ። ክርክሩ ሳያልቅ ትርዒቱ ተጀመረ፤ ገንዘቡንም ለቆሎና ለሻይ አደረግነው። የዚያን ቀን ያላየነውን ፊልም ስም ረስቼዋለሁ፤ ክርክሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። ምርጫው በጠመኔ ተጽፎ በር ላይ ተሰቀለ፤ ካራቴውም ሕንዱም በአግዳሚ ወንበር ላይ ይታይ ጀመር። ትልልቆቹ አዳራሾች ተመልካቻቸው ሳሳ። እንደገና የሞሉት በ1990ዎቹ አጋማሽ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ብቅ ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ሰልፍ ታየ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ሁሉም አዳራሽ የአገር ልጅ ፊልም ማሳየት ሲጀምር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን እንይ?» ማለት ቻለ። የመርካቶውም የቦሌውም ተመልካች በአንድ ቀልድ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ በቦሌ ከአንድ በላይ አዳራሽ ያለው ዘመናዊ ሲኒማ ሲከፈት የኪሱ አጥር መልኩን ቀይሮ ተመለሰ፤ ያም ሆኖ ምርጫው ሰፍቶ ነበር።

ዛሬ ምርጫው ከመቼውም ይልቅ ሰፊ ነው። በበዓል ቀን ከአንድ ሳሎን አምስት ሰው በአምስት ስልክ አምስት ፊልም ያያል። ማንም ከበር አይመለስም፤ ማንም ጫማውን አያይም። ይህ ትልቅ ነገር ነውና አናናንቀው። የጎደለውን ግን እንናገር፤ ክርክሩ ቀርቷል። አንዱ ለሌላው ሲል የራሱን ፊልም የሚተውባት፣ በዕድሜ የሚያንሰው ድምፅ የሚያገኝባት ያቺ ግማሽ ሰዓት ቀርታለች።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳውን ፎቶ አነሡ። መልካም አደረጉ። ይሁንና ግድግዳው ፊት ቆሞ የተከራከረው ሰው በፎቶው ውስጥ የለም። የሲኒማ ታሪካችን እስካሁን የተጻፈው በሠሪዎቹና በአዳራሾቹ በኩል ነው፤ ተመልካቹ ገና አልተጻፈም። እነሆ፣ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የቀረች የመግቢያ ቲኬት ካለች፣ ከጀርባዋ ከማን ጋር እንደገቡና ማን ተሸንፎ እንደገባ ይጻፍባት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።