የቅዱስ ጊዮርጊስ የ1936 ዓ.ም. የውድድር ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ማኅበር የ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) የውድድር ዘመን፣ ክለቡ በመጀመሪያው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮና የተሳተፈበት ዘመን ነው። ለውድድሩ የቀረቡት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ሁሉም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ማኅበረሰቦችን ይወክሉ ነበር፦ የኢጣሊያውያኑ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እና ብቸኛው የኢትዮጵያውያን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሻምፒዮን የሆነው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው።

ጊዮርጊስ በዚያ ዓመት አሸናፊ ባይሆንም፣ በክለቡ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከብዙዎቹ የድል ዓመታት ይልቅ ይህ ዘመን ሊጠና ይገባዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ ኢትዮጵያዊ ከኢጣሊያዊ ጋር በአንድ ሜዳ ኳስ እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበርና። አሁን ሁለቱ በአንድ ውድድር፣ በአንድ ደንብ ተመዘገቡ።

ክለቡ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር አልፎ ወረራውን ጀምሯል፤ ሰሜኑ በጦርነት ላይ ነው፤ የአራዳ ወጣቶች ደግሞ የኳስ ቡድን ያቋቁማሉ። የቡድኑ ስም በሰፈሩ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከአርባ ዓመት በፊት ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ዐድዋ የዘመተ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የድሉ መታሰቢያ ሆኖ ታንጿል። ወራሪው ለሁለተኛ ጊዜ በመጣበት ዓመት ይህን ስም የያዘ ቡድን መቋቋሙን እንደ ተራ አጋጣሚ ብቻ ማየት ለዚህ ጸሐፊ ይከብደዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር፣ ፋሽስቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በእሳት አጋዩት። ክለቡም ስሙን ተነጠቀ፤ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። ሊቶሪዮ የሚለው ከፋሽስቶቹ አርማ የተወሰደ ሲሆን ውቤ ሰፈር የአራዳ ጎረቤት ነው። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ለ«አገሬው ተወላጅ» ተብሎ በተቋቋመ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥር ተደርገው እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተወሰነ።

ይህ የኳስ ሜዳ መለያየት ከተማውን ለሁለት ከመክፈል ዕቅድ የመጣ ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ አራዳ ላይ ይቆም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ገበሬና ነጋዴ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ጨውና አሞሌውን፣ በቅሎውንና ከብቱን ይዞ ይሰፍርበታል፤ ዙሪያውን የሕንዶች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ሱቆች ይዘውታል። የኢጣሊያ አስተዳደር አራዳን ለነጮች ከለለና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። አዲስ ከተማ ለአገሬው ሕዝብ የተመደበ ሰፈር ሆኖ ተነደፈ፤ የአማኑኤል አካባቢም ከዚህ አዲስ ገበያ ዳር ቀረ። ዛሬ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው የሚረግጠው መሬት፣ ያኔ የአራዳ ሕዝብ ተገፍቶ የመጣበት ነው። ገበያተኛው ሲሄድ ጊዮርጊስ ግን መነሻው አራዳ ሆኖ ቀጠለ፤ በመርካቶ ሱቆችና በአማኑኤል መንደሮች ለጊዮርጊስ የሚጮኽ ደጋፊ መብዛቱን ሲያይ ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ቢኖር መልካም ነው።

ነጻነት በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ሲመለስ ክለቡም ስሙን አስመለሰ። ከዚያ በኋላ በከተማው የቀረው የኳስ ኃይል ከልዩ ልዩ ታሪክ የመጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ኢጣሊያውያኑን እንዳይበቀል አዘው ነበርና ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት በፎርቲቱዶ ተሰባሰቡ። አርመኖቹ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም በመጡትና አርባ ልጆች በሚባሉት የሙዚቃ ጓዶች የምናውቃቸው፣ በአራዳ ሱቅና እጅ ሥራ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ቡድናቸውን በአራራት ተራራ ሰየሙ። ግሪኮቹም ለረጅም ዘመን ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ሆነው ከተማውን የለመዱ ናቸው። እንግሊዞች ደግሞ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያን ጦር ለማሠልጠን የመጣውን ወታደራዊ ሚሲዮን ይዘው ነበር። ቡድኑ የወታደሮች ቡድን ነው፤ ዕለት ዕለት በአካል ማሠልጠኛ የሚውሉና ኳሱን ከአገራቸው ይዘው የመጡ ሰዎች ስለነበሩ በመጀመሪያው ውድድር አሸናፊ መሆናቸው አያስገርምም። ከነሱ ፊት የቆሙት የጊዮርጊስ ተጫዋቾች የኳስ ደመወዝ የሌላቸው፣ በገዛ ፍላጎታቸውና በደጋፊው መዋጮ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች ነበሩ።

በዚያ ዘመን ከጊዮርጊስ ተጫዋቾች መካከል አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ የተወለደው ይድነቃቸው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው። ለጊዮርጊስ ከምሥረታው ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ተጫውቷል፤ የሕይወት ታሪኩ 365 ጨዋታና 318 ግብ ይመዘግብለታል። የዚህን ሰው ዘመን ልዩ የሚያደርገው ግን እግሩ ብቻ አይደለም። በ1943 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ስፖርት የሚመራ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም በዋና ጸሐፊነት ሠርቷል። ያንኑ ሻምፒዮና በቢሮ እያደራጀ፣ በሜዳ ደግሞ ማልያ ለብሶ ይጫወትበት ነበር ማለት ነው። በጠላት ዘመን በሌላ ስም የተጫወተ ወጣት፣ ነጻ በወጣች አገር ደንብ አውጪ መሆኑ የጊዮርጊስን የ1936 ዘመን ትርጉም ከየትኛውም የውጤት ሠንጠረዥ ይበልጥ ይገልጻል። እርሱ ኋላ በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ከ1972 እስከ ሞቱ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስም በፕሬዚዳንትነት መራው፤ የዘር መድልዎን የምታራምደው ደቡብ አፍሪካ ከኮንፌዴሬሽኑ ውጪ እንድትቆይ አጥብቆ ታገለ። በአንድ ሜዳ አብሮ መጫወትን መከልከል ምን እንደሆነ በገዛ ከተማው ያየ ሰው ነበር።

የማኅበረሰብ ቡድኖች ዘመን ብዙ አልቆየም። ሻምፒዮናው እያደገ ሲሄድ የአገሩ ተቋማት ቡድኖች መጡ፤ እንግሊዞች ያሠለጠኑት የጦር ሠራዊት ቡድን ራሱ በ1949 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ሆነ። ጊዮርጊስም የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1950) አገኘ።