"ምን ተቀየረ?" ብሎ የመጻፍ ልማድ፤ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የገባበት ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የያዝኩላችሁ። ኔትወርክ ካስቸገራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ስልካችሁ ላይ አፕ ስታድሱ "አዲስ ምን አለ" የምትል አጭር ጽሑፍ ትመጣለች አይደል? አብዛኛው ሰው ሳያያት ያልፋታል። ባለሙያዎቹ ሪሊዝ ኖት ይሏታል። ከጀርባዋ ደግሞ ቼንጅሎግ የሚባል የለውጥ መዝገብ አለ፦ መቼ፣ ማን፣ ምን ቀየረ። ቼንጅሎግ ሥራውን ለሚሠሩት ነው፤ ሪሊዝ ኖት ለተጠቃሚው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ያለፈበትን መንገድ ስታዩ፣ መዝገብ መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል ልዩነት እንዳመጣ ይገባችኋል።

መዝገብ ያልነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ብዙ ሶፍትዌሮች ተሠርተዋል። አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች የቢሮ ጸሐፊ የነበሩ ሁሉ ያስታውሷቸዋል። ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ከታይፕራይተር ያላቀቁን እነሱ ናቸው።

ችግሩ ቦታው ነው። የያኔው የፎንት ፋይል 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈለው፤ ሌላው ከቁራጭ እየገጣጠመ ሠራው። ሁሉም የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆነ። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሰንጠረዥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሠሪው እጅ ነበር።

ዛሬም የቆየ ፋይል ስትከፍቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ከተደረደረላችሁ፣ ፋይሉ ላይበላሽ ይችላል። የጠፋው ቁልፉ ነው። የስንት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ተቆልፎ እንደቀረ አስቡት።

መዝገቡ ሲጀመር

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ "ሰራ" የሚባል ሥርዓት አዘጋጁ። ግዕዝን በላቲን ፊደል ወክሎ በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን ደንቡ በይፋ ተጽፎ መውጣቱ ነበር። ደንቡ ከታወቀ ማንም ሰው መቀየሪያ ፕሮግራም መሥራት ይችላላ!

ከዚያ ዩኒኮድ መጣ፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥርዓት የሚያስቀምጥ መስፈርት። የዩኒኮድ እያንዳንዱ እትም ምን እንደጨመረ በይፋ ይመዘገባል። እስኪ የእኛን ድርሻ ከመዝገቡ እንከተለው፦

• ዩኒኮድ 3.0፣ እ.ኤ.አ. 1999፦ ግዕዝ በ345 ምልክቶች ገባ።
• ዩኒኮድ 4.1፣ እ.ኤ.አ. 2005፦ 116 ተጨመሩ። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለሜኤን የሚያገለግሉ ፊደላት አሉበት። እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉ 10 የዜማ ምልክቶችም የገቡት ያን ጊዜ ነው። በብራና ላይ የምናያት ፠ እንኳን እስከዚያ ድረስ አልነበረችም።
• ዩኒኮድ 6.0፣ እ.ኤ.አ. 2010፦ 34 ተጨመሩ፤ ከእነሱም 32ቱ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ።
• ዩኒኮድ 14.0፣ እ.ኤ.አ. 2021፦ ለጉራጊኛ አጻጻፍ 28 ተጨመሩ።

ደምሩት፤ 523 ይመጣል።

ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ "ለምን" የሚለው መልስ አለመጥፋቱ ነው። አንድ ፊደል እንዲገባ የጠየቀው ሰው ያቀረበው ሰነድ፣ ከነማስረጃው፣ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሥራች የሆነው የዳንኤል ያዕቆብ ስም እዚያ ደጋግሞ ይገኛል። ሌላም ደንብ አለ፦ አንዴ ለፊደል የተሰጠ ስም፣ ስህተት ቢኖርበት እንኳ አይፋቅም። ስህተቱ ይመዘገባል፣ ማረሚያው አጠገቡ ይቀመጣል። ያረጀ ፋይል እንዳይሰበር ነው እንዲህ የሚደረገው።

ስልካችሁ ላይ አንዳንድ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲመጣ ምክንያቱን እዚሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፦ ፊደሉ የገባው በ14.0 ሆኖ የስልኩ ፎንት ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አያውቀውም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ነፃ ፎንት የለውጥ መዝገብ አብሮት ይመጣል። የትኛው እትም ምን እንደጨመረ አንብባችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ መገመት አያስፈልግም።

ልማዱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። የግኑ ደንብ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ነገር እንዲይዝ ያዛል፦ አንዱ የለውጥ መዝገብ (ቀን፣ ስም፣ የተነካው ፋይል፣ የተቀየረው ነገር)፣ ሁለተኛው "ዜና" የሚባል ለተጠቃሚው የተጻፈ ማጠቃለያ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን የሚሠሩት የማይተዋወቁ፣ በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። ቡና ላይ ተገናኝተው "ያንን ለምን ቀየርከው?" አይባባሉም። መዝገቡ ነው የሚያገናኛቸው።

ሪሊዝ ኖት ታሪክ የቀየረበትም ጊዜ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን መጀመሪያ ሲያወጣ ፈቃዱ በገንዘብ ማከፋፈልን ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ በ0.12 እትም ሪሊዝ ኖት ላይ ፈቃዱን ወደ ግኑ ፈቃድ እንደሚቀይር አሳወቀ። ዛሬ አንድሮይድ ስልካችን የተመሠረተው በዚያ ሊኑክስ ላይ ነው።

መዝገብ ሁሉን ይጠብቃል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በሚባል ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የስርቆት በር ተገኘ። ዋናው ተንኮል የገባው ሁሉም በሚያየው መዝገብ ሳይሆን ለስርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት "ለምን?" ብሎ ጠይቆ። መዝገብ የሚጠቅመው የሚያመሳክረው ሰው ሲኖር ነው።

እኛስ?

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የዘለሉትን ቃል በመስመር መካከል ወይም በኅዳግ ይጨምሩ ነበር፤ እርማቱ ይታያል። የጸሐፊውና የአጻፊው ስም ይጻፋል። በአንጻሩ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈባቸው መጻሕፍትም ብዙ ናቸው፤ እነዚያ ከየት እንደመጡ ማወቅ የታሪክ ተመራማሪን ፈተና ውስጥ ይከታል። የጎንደር ሊቃውንትም በትርጓሜ "አንድም" እያሉ የተለያየውን ሐሳብ ጎን ለጎን አቆይተውልናል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሲለያይም የየቤቱ ትርጓሜ በስሙ ታወቀ። የዛሬ ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን መለያየት ፎርክ ይሉታል።

አሁን ግን የየትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፈቱ። "ማርክ ሊስት የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "ትክክለኛው የመጨረሻ"። የቱ ነው ትክክለኛው? የአንድ ልጅ 68 መቼ፣ በማን፣ ለምን 86 ሆነ? የቆጠራ ስህተት ታርሞ ነው ወይስ ሌላ? የተጻፈ ነገር ከሌለ ያረመውም ያጭበረበረውም እኩል ይጠረጠራል። መዝገብ ታማኙን ሰው ነው የሚጠብቀው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ሶፍትዌር የምትማሩ፣ ይህን ያዙልኝ። አፕ ስትሠሩ አንድ ፋይል ጨምሩ። በላዩ ላይ ቀን (የእኛም የእነሱም አቆጣጠር ይሁን)፣ የእትም ቁጥር፣ ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀየረ፣ ምን ተነሣ፣ ምን ተስተካከለ ብላችሁ ጻፉ። "አንዳንድ ማሻሻያ ተደርጓል" ብላችሁ አትለፉት፤ እሱ ምንም አይናገርም። ለተጠቃሚው የምትጽፉትን ደግሞ በአማርኛ አድርጉት፣ እናታችሁ አንብባ እንድትረዳው።

በድሮ ፎንት የተጻፈ፣ መክፈት ያቃታችሁ ፋይል ያላችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ የፎንቱን ስም ጻፉልኝ። ፋይሉን አትሰርዙት፤ ስሙ ከታወቀ መቀየሪያ ሊገኝለት ይችላል።