ከ36 ራን እስከ ዋንጫ፦ የህንድ ክሪኬት ቡድን የ2020/21 የአውስትራሊያ ጉዞ

ክሪኬት እኛ ሀገር ብዙም አይታወቅም። ይህን ታሪክ ለመረዳት ግን ኳስ ወዳድ መሆን ብቻ ይበቃል። በመጀመሪያው ጨዋታ የተዋረደ፣ ኮከቦቹ በየተራ የተጎዱበት ቡድን በሰው ሀገር እንዴት አሸነፈ? እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

▪ ቴስት ክሪኬት ምንድን ነው?

ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት ነው። አንድ ጨዋታ እስከ 5 ቀን ይፈጃል። ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። የሚቆጠረው ነጥብ «ራን» ይባላል። አንድ መቺ ሲወጣ «ዊኬት ወደቀ» ይባላል፤ 10 ዊኬት ከወደቀ የቡድኑ ተራ አበቃ። ለማሸነፍ ብዙ ራን ማስቆጠር ብቻውን አይበቃም፣ ተጋጣሚን በጊዜ ማስወጣትም የግድ ነው። 5 ቀኑ ካለቀ አቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ሳይወጡ መቆየት ብቻውን ትልቅ ውጤት ነው።

▪ አደላይድ፣ ታህሳስ 2020

ህንድ በሁለተኛው ተራዋ 36 ራን ብቻ አስቆጠረች። በቴስት ታሪኳ ዝቅተኛው ነው። አንድም መቺ 10 ራን አልሞላም። አውስትራሊያ በሦስተኛው ቀን ጨዋታውን ጨረሰችው። ከዚያ አምበሉ ቪራት ኮህሊ የመጀመሪያ ልጁ ልትወለድ ስለነበር ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ወርዋሪው መሐመድ ሻሚ ደግሞ እጁ ተሰበረ። ብዙዎች «በቃ፣ አለቀላቸው» አሉ።

▪ ሜልቦርን

አምበልነቱን የተረከበው አጂንክያ ራሃኔ 112 ራን መታ፤ ህንድ በ8 ዊኬት አሸነፈች። መሐመድ ሲራጅ የመጀመሪያ ቴስቱን የተጫወተው እዚህ ነው። ሃይደራባድ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ታክሲ (እኛ ባጃጅ የምንላትን) እየነዳ ያሳደገው አባቱ ያረፈው ሲራጅ አውስትራሊያ ከገባ በኋላ ነበር። ተመለስ ቢባልም ከቡድኑ ጋር ቀረ።

▪ ሲድኒ፣ ጥር 2021

ሲራጅ ከተመልካች የዘረኝነት ስድብ እንደደረሰበት ለዳኞች ተናገረ። ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ፣ 6 ተመልካቾች ከስታዲየም ተባረሩ፣ የአውስትራሊያ ክሪኬት አስተዳደርም ይቅርታ ጠየቀ።

በመጨረሻው ቀን ጡንቻው የተጎዳው ሃኑማ ቪሃሪና ወገቡን የሚያመው ራቪቻንድራን አሽዊን ከ250 በላይ ኳስ አብረው ተቋቁመው ሳይወጡ ቀሩ። ውጤቱ አቻ ሆነ። አቻ ይባል እንጂ ለህንድ ከድል አይተናነስም።

▪ ብሪዝበን፣ ጋባ ስታዲየም

አውስትራሊያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እዚህ ሜዳ ላይ በቴስት ከ1988 ወዲህ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። ህንድ ደግሞ ቡምራን፣ አሽዊንን፣ ጃዴጃንና ቪሃሪን በጉዳት አጥታለች። ገና 3ኛ ቴስቱ ላይ የነበረው ሲራጅ የወርዋሪዎቹ መሪ ሆነና በአውስትራሊያ ሁለተኛ ተራ 5 ዊኬት ወሰደ። ለልምምድ መወርወሪያ ብቻ ተይዞ የሄደው ናታራጃንም ተሰለፈ።

ለማሸነፍ 328 ራን ያስፈልጋል። ሹብማን ጊል 91 መታ። ፑጃራ ኳስ ደጋግሞ ሰውነቱን እየመታው 211 ኳስ ተቋቋመ። ሪሻብ ፓንት 89 ራን አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨረሰው። ጥር 19 ቀን 2021፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ዕለት፣ ህንድ በ3 ዊኬት አሸነፈች። ድምር ውጤት 2 ለ 1። ዋንጫው ከህንድ ጋር ቀረ።

▪ ለምን ይታወሳል?

ይህ ድል የአንድ ኮከብ ሥራ አይደለም። አንዱ ሲጎዳ ተጠባባቂው ገባ፤ እሱም ሲጎዳ ሌላው ተተካ። የ4 ጨዋታ ጉዞ መጥፎ ቀንን ይቅር ይላል። በ36 ራን የወደቀው ቡድን ለመነሳት ሦስት ዕድል ነበረው፤ አንዱንም አላባከነም።