የመቀሌ ታሪክና የሰርቨር ቁጥር

አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ስንት ሰርቨር ይበቃዋል? ስሌቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሠራተኛው ብዛትና ከመረጃው መጠን ነው። የትግራይ ዋና ከተማ የመቀሌ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ እንዳለ ያሳያል፤ መስመር ሲቋረጥ የትኛው ሥራ መቆም የለበትም? በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር አገናኘ። በ2000ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቲ24 የተባለውን የባንክ ሥርዓት ሲተክል፣ ቀድሞ በአብዛኛው በተከፈተበት ቅርንጫፍ ይገኝ የነበረው የደንበኛ ሒሳብ ወደ አንድ ማዕከል ተሰበሰበ። ለየቅርንጫፉ ማሽንና ባለሙያ ማቆም ውድ ስለሆነ አካሄዱ አያስወቅስም። በአንድ ማዕከል የመሰብሰቡ ዋጋ የታየው የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 2013 ተጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። በመቀሌ አገልግሎቱ ለጊዜው በከፊል ቢመለስም፣ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክም ስልክም ዳግም ተዘጉ፤ የተመለሱትም ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ታኅሣሥ 2015 ላይ ነው።

ባንኮቹ የተዘጉት በጦርነትና በፖለቲካ ምክንያት እንጂ በሰርቨር እጦት አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከተማ ውስጥ የተተከለ ሰርቨር ጥሬ ገንዘብ አያመጣም። የደመወዝ መዝገብ፣ የንብረት ቆጠራ ወይም የሕሙማን ካርድ ግን ሩቅ ያለን ማዕከል የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ መብራት በጠፋበትና ዝርፊያ በበዛበት ጊዜ እዚያው ያለ ማሽን ምን ይፈይዳል? ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጋቢት 2013 ባወጣው መግለጫ፣ በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው እንደነበር ገልጿል። ይህ ማስረጃ ሰርቨርን በግቢ ውስጥ ማቆምን አይሽረውም፤ መጠባበቂያ ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ እንደሌለበት ግን ያሳያል። የመብራቱም ችግር ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማሽን ባትሪና ነዳጅ ይሻማል። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ሰርቨሮችን ማስኬድ ከተለመደ ወዲህ ለኢሜይል አንድ፣ ለፋይል አንድ እያሉ መግዛት ቀርቷል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ አነስተኛ መሥሪያ ቤት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብቻውን ሙሉ ሥራውን የሚሸከም ሁለት ሰርቨር፣ ከግቢው ውጭም፣ ቢቻል በሌላ ከተማ፣ በየጊዜው የሚታደስ አንድ ቅጂ ይበቃዋል። ሁለተኛውን ለመግዛት አቅም የሌለው ከቅጂው ይጀምር።