ከጎጃም በረንዳ እስከ ረጲ፤ የአዲስ አበባ ጥራጊ አጭር ታሪክ

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ወደ ገበያ የሚገባው ዕቃ ይቈጠራል፤ ከገበያ ተጠርጎ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተዘነጋ ጥራጊ ከመርካቶው ጎጃም በረንዳ አንሥቶ እስከ ረጲ መከተል ነው። የሚመረምረውም ጥያቄ «ከጥራጊ ኃይል እናወጣለን ሲባል፣ ከየትኛው ጥራጊ?» የሚል ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ አዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስምም ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው። በውስጡ ያሉትን በረንዳዎችና ተራዎች ግን ሕዝቡ በየአገሩና በየሸቀጡ ስም ጠራቸው፤ ጎጃም በረንዳም አንዱ ነው።

በዚህ ገበያ እንዲያው የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱንና አሮጌውን ጫማ ይሰበስባል፤ የምናለሽ ተራ ቀጥቃጮች ያረጀውን ብረት እንደገና ለሥራ ያበቁታል፤ ባዶ ጆንያ እንኳ ገዢ አለው። ስለዚህ ማታ በጎጃም በረንዳ ከመጥረጊያው ፊት የሚቀረው ገዢ ያጣው ብቻ ነው፤ የአትክልት ቅጠል፣ ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና ጭቃ። ገበያው ደረቁን ወስዶ እርጥቡን ይተዋል።

ይህ የተተወው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ረጲ ተጫነ፤ ቦታውንም ሕዝቡ ቆሼ አለው። ክምሩ ሲያድግ ከሥር ያለው አየር ያጣል፤ አየር አጥቶ የሚበሰብስ ነገርም ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ስዊድናዊው ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ሲበዛ ምድርን እንደሚያሞቅ በስሌት ያሳየው በዓድዋ ድል ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም. ነበር። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ፣ በእኩል ክብደት፣ ከዚያ ጋዝ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል።

በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በወራት ውስጥ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደ ፋብሪካ ተመረቀ። የተቃጠለ ጥራጊ ሚቴን አይወልድም፤ ተራራ ሆኖም በሰው ላይ አይናድም።

ይሁን እንጂ እሳት የሚወደው ደረቁን፣ ማለትም ቆራሌው ቀድሞ የወሰደውን ነው። እርጥቡ ወደ እሳት ሲገባ ሙቀቱ አስቀድሞ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ፋብሪካው ደረቁን ከገበያው ቢሻማ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራውን ያጣል፤ ሲቃጠል የሚወጣው የፕላስቲክ ጢስም ከከርሰ ምድር ነዳጅ የመጣ ካርቦን ነው።

ለእርጥቡ የሚስማማው ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የባዮጋዝ ጕድጓድ ተሠርቶ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ዘዴውን፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ ወደ ገጠር ቤቶች አደረሰው። ሚቴኑ ወደ ሰማይ ሳያመልጥ በተዘጋ ጕድጓድ ይያዝና ለምድጃ ይውላል፤ ዝቃጩም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። በገጠር የከብት እበት የሚሠራውን በከተማ የገበያ ትራፊ ሊሠራው ይችላል፤ ፕላስቲክና ጠጠር እንዳይቀላቀልበት ግን ከምንጩ መለየት አለበት።

እንግዲህ የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። መለየትን መርካቶ ከማንም ሳይማር ሲሠራበት ኖሯል፤ የለየው ግን የሚሸጠውን ብቻ ነው። ለእርጥቡም ተቀባይ ቢቆምለት፣ ጎጃም በረንዳ ማታ የሚጠርገው ለቆሼ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ለምድጃና ለማሳ ይሆን ነበር።